ዓይን (የቦታ ስም)

ዓይን በዐረብ አገሮች ከሞሮኮ የአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ኦማን ወሰን ድረስ የእጅግ ብዙ ከተሞች፣ መንደሮች፣ ሰፈሮችና የጦር ሜዳዎች ስም መጀመሪያ ሆኖ የሚገኝ የዐረብኛ ቃል ነው። ቃሉ በዐረብኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የሚያየው የሰውነት ክፍል ሲሆን ሁለተኛው ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ነው። በቦታ ስም ላይ ሲገባ ከጥቂት በቀር ሁለተኛውን ያመለክታል። ስለዚህ የአልጄሪያው ዓይን ሰፍራ «ቢጫው ምንጭ»፣ የሊባኖሱ ዓይን ኤል ሂልዌ «ጣፋጩ ምንጭ»፣ የኢራቁ ዓይን አል ተምር «የቴምር ምንጭ» ማለት ነው። እነዚህ ቦታዎች በአገርም በታሪክም የተራራቁ ናቸው። ሲቆረቆሩ ግን ውሃ ነበራቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ያ ውሃ የላቸውም።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቃሉ

ቃሉ የዐረብኛ ብቻ ሳይሆን የሴማዊ ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ነው። በዕብራይስጥ «ዓይን» ወይም «ኤን»፣ በሶርያ ቋንቋ «ዓይና» ይባላል። በግዕዝም «ዐይን» የሚያየውን አካልም የውሃ መፍለቂያንም ይሰይማል። በትግርኛ ምንጭ እስከ ዛሬ «ዓይኒ ማይ» ነው። አማርኛ ለነገሩ «ምንጭ» የሚል ሌላ ቃል ቢኖረውም፣ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ «የምንጩ ዓይን» መባሉ አልቀረም። የፊደሉ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በጥንቱ የፊንቄ ጽሕፈት «ዓይን» የተባለው ፊደል ክብ የዓይን ምስል ነበረ፣ የኛም «ዐይኑ ዐ» ክብነቱን እንደያዘ ቀርቷል። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ዓይንጋዲንና ዓይንዶርን ያስታውሳል። ዮሐንስ ያጠምቅበት የነበረው ሄኖንም በግሪክኛ በኩል ያለፈ ያው ስም ነው።

በዐረብኛ «ዓይን» በሰዋስው አንስታይ ጾታ ነው። ስለዚህ ተከትሎት የሚመጣው ቅጽልም አንስታይ ይሆናል፦ ሰፍራ (ቢጫ)፣ በይዳ (ነጭ)፣ ሱኽና (ሙቅ)፣ ሂልዌ (ጣፋጭ)። ከቀለምና ከጣዕም ሌላ የእንስሳ፣ የዛፍ ወይም የሰው ስም ይከተለዋል። ብዙ ቁጥሩ «ዑዩን» ሲሆን እርሱም ራሱን ችሎ የቦታ ስም ይሆናል። ዐረቦች ከመሬት የሚገኝን ውሃ ሁሉ ዓይን አይሉትም። ተቆፍሮ በባልዲ የሚቀዳው «ቢእር» ነው፤ በመካ የሚገኘው ዘምዘም ለምሳሌ በተለምዶ ቢእር፣ ማለትም ጉድጓድ ይባላል። ዓይን የሚባለው በራሱ ኃይል የሚፈልቀው ነው። በአንዳንድ አገር ግን ከተራራ ሥር በሰው እጅ በተቆፈረ የምድር ውስጥ ቦይ እየተጓዘ የሚመጣውም ውሃ ስሙን ወርሷል።

ዓይን የሚመስሉ ሌሎች ስሞች

በደቡብ አልጄሪያ ያሉት ኢን ሳላህ፣ ኢን ጌዛምና ኢን አመናስ በዐረብኛ ፊደል ብዙ ጊዜ «ዓይን» ተብለው ይጻፋሉ፤ በዚህም ምክንያት የምንጭ ስም ይመስላሉ። በቱዋሬጎች ቋንቋ ግን «ኢን» ማለት «የ...» ወይም «የእገሌ የሆነው» ማለት ነው፤ ኢን አመናስም «የግመሎቹ ቦታ» እንጂ የማንም ምንጭ አይደለም። ስሙን በዐረብኛ የጻፉት ሰዎች የማያውቁትን ቃል በሚያውቁት ተኩት። ኢን ሳላህና ኢን ጌዛም በ2019 ራሳቸውን የቻሉ ክፍለ ሀገራት ሲሆኑ ይኸው አጻጻፍ የመንግሥት ሆነ። ኢን ሳላህ በ2015 መጀመሪያ በዓለም ዜና የተሰማችው ደግሞ በውሃ ምክንያት ነው። መንግሥት በአካባቢው ድንጋይ ሰንጥቆ ጋዝ ለማውጣት ሙከራ ሲጀምር፣ ነዋሪው ከበረሃው ሥር ያለው ውሃ ይበከላል ብሎ ለብዙ ሳምንታት አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ።

አል ዓይን

ከስሙ ባለቤቶች መካከል በስፋት የታወቀው በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ በአቡ ዳቢ ኤምሬት የሚገኘው አል ዓይን ከተማ ነው። ተከታይ ቃል የለውም፤ ስሙ በቀጥታ «ምንጩ» ማለት ነው። ከተማው በሐፊት ተራራ ግርጌ፣ ከኦማኑ ቡረይሚ ጋር ተጣብቆ የቆመ ሲሆን፣ ቀድሞ ሁለቱ በአንድነት የቡረይሚ የበረሃ ገነት ይባሉ ነበር።

የአል ዓይን ውሃ ወደ ቴምሩ የሚደርሰው «ፈለጅ» በሚባል ቦይ ነው። ፈለጅ ከተራራው ሥር ካለው የከርሰ ምድር ውሃ ተነሥቶ፣ በትንሽ ዝቅታ በመሬት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከእርሻው አጠገብ ወደ ላይ ይወጣል። ሞተርም መቅጃም አይሻም። በየመካከሉ ቆፋሪዎች የሚገቡበትና አፈር የሚያወጡበት ጉድጓድ አለው። በአካባቢው የተገኙት ጥንታዊ አፍላጆች (የፈለጅ ብዙ ቁጥር) የብረት ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ በዚህም ምክንያት የሂሊ፣ የሐፊት፣ የቢዳ ቢንት ሳዑድና የቴምር ቦታዎቹ ቅርሶች በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ውሃው በሰዓት ተሸንሽኖ ለየባለ እርሻው ይደርሳል። ተራው የማን እንደሆነ ቀን በጥላ፣ ሌሊት በከዋክብት ይታወቅ ነበር።

ሼኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን በ1946 የአካባቢው ገዥ ሆነው ሲሾሙ ገና ነዳጅ አልተገኘም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው የተደፈኑትን አፍላጅ ማስጠረግና አዲስ ማስቆፈር ነበሩ፤ በኋላ አገር መሥራች ለመሆን ያበቃቸው መወደድ ከዚህ እንደጀመረ ብዙ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ነዳጅ ይኖራል የሚለው ተስፋ ግን ጎረቤት ሳበ። በ1952 የሳዑዲ ዐረቢያ ታጣቂዎች በቡረይሚ ወገን ሐማሳ የተባለውን መንደር ያዙ፣ በ1955 ደግሞ በእንግሊዞች የሚመራ ጦር አስወጣቸው። ዛሬ የመስኖው ክፍል እንደ መናፈሻም ያገለግላል፤ በዋናው የቴምር ቦታ ብቻ ከ147 ሺህ በላይ ዛፍ ይቆጠራል። ፈለጁ ግን ከእንግዲህ ብቻውን አይችልም። የጥልቅ ጉድጓድ ሞተሮች የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ታች ስላወረዱት በተፈጥሮው የሚፈሰው ቀርቷል፣ ቦዮቹም ተስቦ በሚመጣ ውሃ ይሞላሉ።

ራስ አል ዓይንና ዓይን አል ፊጃ

ሶርያ በስሙ የበለጸገች አገር ናት፤ ሁለት ምንጮቿ የጦርነት መሣሪያ ሆነዋል።

ራስ አል ዓይን ማለት «የምንጩ ራስ» ነው። በቱርክ ወሰን ላይ ያለ ከተማ ሲሆን የኤፍራጥስ ገባር የሆነው የኻቡር ወንዝ ይነሣበት ነበር። እዚህ የኖረ ሕዝብ ሁሉ ያንኑ ስም በየቋንቋው መተርጎሙ የሚገርም ነው። በሶርያ ቋንቋ «ሬሽ ዓይና»፣ ሮማውያን ከዚያ ወስደው «ሬሳይና»፣ በኩርድኛ «ሰሬ ካኒዬ»፤ ሁሉም አንድ ትርጉም አላቸው። ከወሰኑ ማዶ ያለችው የቱርክ ከተማ ጄይላንፒናርም በስሟ ውስጥ ምንጭ የሚለውን የቱርክኛ ቃል ይዛለች። ሮማውያንና ፋርሶች በ243 ተዋግተውበታል። በ1915 እና 1916 ከአናቶልያ የተሰደዱት አርመኖች ከሚታጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነበረ፤ ብዙ ሺህ ሰው አልቆበታል።

ምንጩ በአካባቢው ከታወቁት ታላላቅ የኖራ ድንጋይ ምንጮች አንዱ ነበረ። ከወሰኑ በሁለቱም ወገን ለጥጥና ለስንዴ መስኖ እጅግ ብዙ ጉድጓድ ስለተቆፈረ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መፍሰሱን አቆመ። የምንጩ ራስ የተባለው ከተማ ምንጭ አልባ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም በአቅራቢያው ያለው የአሉክ የውሃ ጣቢያ ከጉድጓድ እየሳበ ለሐሰካ ከተማና ለዙሪያዋ 460 ሺህ ለሚሆን ሰው ያደርስ ነበር። ቱርክና የሶርያ አጋሮቿ በጥቅምት 2019 ራስ አል ዓይንን ከያዙ በኋላ ጣቢያው ደጋግሞ ተቋረጠ፤ በአንድ ወገን ኤሌክትሪክ፣ በሌላው ወገን ውሃ መደራደሪያ ሆኑ። በሐሰካ ሕዝቡ በቦቴ መኪና የሚመጣ ውሃ ለመግዛት ተገደደ።

ዓይን አል ፊጃ ከደማስቆ በስተሰሜን ምዕራብ በበረዳ ወንዝ ሸለቆ ይገኛል። በላዩ የሮማ ዘመን ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ቆሟል፤ ይህም ምንጩ በጥንቱም ይከበር እንደነበር ያሳያል። ደማስቆ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። በታኅሣሥ 2016 መጨረሻ ሸለቆውን የያዙት ተቃዋሚዎችና መንግሥት ሲዋጉ ምንጩ ተመትቶ ውሃው ተቋረጠ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንዳስታወቀው 5.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ለሳምንታት ውሃ አጣ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ፤ የድርጅቱ አጣሪ ኮሚሽን በመጋቢት 2017 ባወጣው ሪፖርት ምንጩን የመታው የሶርያ አየር ኃይል ነው፣ ድርጊቱም የጦር ወንጀል ነው ብሏል።

በፍልስጥኤም፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ

ዓይን ጃሉት፣ ማለትም «የጎልያድ ምንጭ»፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ ይገኛል። መስከረም 3 ቀን 1260 የግብጽ ማምሉኮች በሱልጣን ቁቱዝና በአዛዡ በይበርስ እየተመሩ የሞንጎሎችን ጦር ድል ያደረጉበት ነው። ባግዳድ ከሁለት ዓመት በፊት ወድቃ ነበር፣ ደማስቆም በዚያው ዓመት ተይዛለች፤ ግብጽ ብትሸነፍ ከኋላዋ የሚቆም አልነበረም። የሞንጎሎች ካን ሁላጉ አብዛኛውን ጦሩን ይዞ ወደ ፋርስ ስለተመለሰ በሜዳው የቀረው አዛዡ ኪትቡቃ ነበረ፣ እርሱም እዚያው ሞተ። ቁቱዝ ግን ድሉን ይዞ ካይሮ አልገባም፤ በመንገድ ላይ ተገደለና በይበርስ ነገሠ። ምንጩ በዕብራይስጥ ሐሮድ ይባላል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ከውሃው አጠጣጣቸው 300 ሰዎችን የመረጠበት ምንጭ ነው ተብሎ ይታመናል።

ዓይን ከሪም ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ ያለ መንደር ነበረ፣ አሁን የከተማዋ ክፍል ነው። በክርስቲያኖች ትውፊት መጥምቁ ዮሐንስ የተወለደበት፣ ድንግል ማርያምም ኤልሳቤጥን የጎበኘችበት ስፍራ ነው፤ ምንጩም የማርያም ምንጭ ይባላል። ፍልስጥኤማውያን ነዋሪዎቹ በ1948 ለቀው ወጡ፣ ቤቶቹ ግን እንደ ብዙዎቹ መንደሮች አልፈረሱም። በእስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስሙን «ኤን ከረም» ብለው የሚያውቁት እዚያ ባለው የሐዳሳ ሆስፒታል ምክንያት ነው።

ዓይን ጋዛል፣ «የሚዳቋ ምንጭ»፣ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ በአማን ከተማ ዳር የሚገኝ ጥንታዊ ሰፈር ሲሆን በ1970ዎቹ አውራ ጎዳና ሲሠራ ተገኘ። በ1980ዎቹ በተደረገው ቁፋሮ ከሸምበቆ ላይ በኖራ ተመርገው የተሠሩ፣ 9 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው የሰው ምስሎች ወጡ፤ አንዳንዶቹ በአንድ አካል ላይ ሁለት ራስ አላቸው። ትልልቅ ዓይኖቻቸው በጥቁር ተኩለዋል፤ ከቦታው ስም ጋር መግጠሙ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው። ሌላው ዓይን ጋዛል ከሐይፋ በስተደቡብ የነበረና በ1948 ጦርነት ነዋሪው ተባርሮ የፈረሰ የፍልስጥኤም መንደር ነው። ስለ አንዱ የተጻፈ ሰነድ ለሌላው እንዳይወሰድ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ከዚያው ጦርነት የሸሹት በሊባኖስ ሲዶና አጠገብ ዓይን ኤል ሂልዌ በተባለው ስፍራ ሰፈሩ። ጊዜያዊ ተብሎ የተተከለው ድንኳን ዛሬ በሊባኖስ ትልቁ የፍልስጥኤማውያን ስደተኞች ሰፈር ነው፤ ከ50 ሺህ በላይ የተመዘገበ ስደተኛ አለው። ሐንዘላ የተባለውን፣ ጀርባውን ለተመልካች የሰጠ ሕፃን የሣለው ካርቱኒስት ናጂ አል አሊ ያደገው እዚህ ነው። «ጣፋጩ ምንጭ» የሚለው ስም በዜና ከተኩስ ጋር ሳይያያዝ የሚሰማበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በ2023 ክረምት እንኳ በሰፈሩ ውስጥ ባሉ ታጣቂ ቡድኖች መካከል ለሳምንታት ውጊያ ነበር። በቤይሩት ዳር ያለው ዓይን ኤል ሩማኔ («የሮማን ምንጭ») ደግሞ ሚያዝያ 13 ቀን 1975 ፍልስጥኤማውያንን የጫነ አውቶቡስ የተመታበት ነው፤ የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከዚያ ቀን ይቆጠራል።

የሙሴ ምንጮች

«ዓይን ሙሳ» ወይም «ዑዩን ሙሳ» የሚባል ቦታ ቢያንስ ሦስት ነው። አንዱ ከስዊዝ ማዶ በሲና በኩል፣ ሁለተኛው በዮርዳኖስ ከፔትራ አጠገብ በዋዲ ሙሳ፣ ሦስተኛው በናባው ተራራ ሥር ይገኛል። ሙሴ ድንጋዩን መትቶ ለዐሥራ ሁለቱ ነገድ ዐሥራ ሁለት ምንጭ ማፍለቁ በቁርኣን ስለተነገረ፣ በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ምንጩን ለእርሱ ሰጠው። የትኛው እውነተኛው ነው ብሎ መሟገት ትርፍ የለውም፤ እያንዳንዱ ስም የሚያስረዳው በዚያ በኩል ነቢዩ አልፏል የሚል እምነት መኖሩን ነው።

ግብጽ

ዓይን ሸምስ በካይሮ ሰሜን ምሥራቅ ያለ ሰፈር ሲሆን «የፀሐይ ምንጭ» ወይም «የፀሐይ ዓይን» ተብሎ ይተረጎማል፤ ሁለቱንም ትርጉም ከሚያስተናግዱት ጥቂት ስሞች አንዱ ነው። ቦታው ግብጻውያን ፀሐይን ያመልኩባት የነበረችው ጥንታዊቷ ኦን፣ በግሪኮች አጠራር ሄሊዮፖሊስ ናት። ከታላቁ ቤተ መቅደስ ዛሬ ጎልቶ የሚታየው በመጠሪያዋ የማጣሪያ ሰፈር የቆመው የቀዳማዊ ሴኑስረት ሐውልት ነው፤ ቁመቱ ከ20 ሜትር በላይ ነው። በአጠገቡ የማርያም ዛፍና ምንጭ አለ፤ ቅድስት ቤተ ሰብ ወደ ግብጽ ስትሰደድ ያረፈችበት መሆኑን ኮፕቶች ይተርካሉ። በ1950 የተመሠረተው የዓይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ከዚህ ወስዷል።

በቀይ ባሕር ዳር ያለው ዓይን ሱኽና «ሙቁ ምንጭ» ነው። የፈርዖኖች መርከብ ወደ ሲና የሚነሣበት ወደብ ነበረው። ዛሬም ወደብ ነው፤ በ1977 ሥራ የጀመረው 320 ኪሎ ሜትር የሱሜድ የነዳጅ ቧንቧ ከዚህ ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

መግሪብ

በአልጄሪያ ስሙ እንደ አሸዋ ነው። ዓይን ደፍላና ዓይን ቴሙሸንት ከ1984 ጀምሮ ክፍለ ሀገራት ናቸው። የኋለኛው ግማሽ ዐረብኛ ግማሽ በርበርኛ ሲሆን ሁለተኛው ቃል ከቀበሮ ስም የመጣ ነው። በዓይን ሰፍራ ጸሐፊዋ ኢዛቤል ኤበርሃርት ጥቅምት 21 ቀን 1904 በ27 ዓመቷ ሞተች፤ በበረሃ ከተማ ውስጥ የገደላት ድንገተኛ ጎርፍ ነበረ። መቃብሯም እዚያው ነው። በቱኒዚያ ተራራማ ሰሜን ምዕራብ ያለችው ዓይን ድራሃም («የብር ምንጭ»፣ ከድርሃም) በክረምት በረዶ የሚጥልባት ናት፤ ውሃ የቸገራት አይመስልም።

ብዙ ቁጥሩ «አል ዑዩን» የምዕራብ ሰሐራ ትልቁ ከተማ ስም ነው። ስፔኖች በ1930ዎቹ የቆረቆሩት ሲሆን ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሞሮኮ ቁጥጥር ሥር ነው። ስሙን በስፔንኛ ወይም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ መጻፍ ብዙ ጊዜ የጸሐፊውን ወገን ያስጠረጥራል። በሞሪታኒያና በምሥራቅ ሞሮኮም ያው ስም ያላቸው ከተሞች አሉ።

የደረቁት

በባሕሬን ከማናማ አጠገብ የነበረው ዓይን ዓዛሪ ሰፊ የመዋኛ ኩሬ ሠርቶ በቦይ ሩቅ ያሉትን የቴምር እርሻዎች ያጠጣ ነበር። በሥሩ ያለው መሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ጎረቤቶቹ ከውሃው አይደርሳቸውም፤ ስለዚህ ባሕሬኖች ለባዳ ደግ ለዘመድ ንፉግ የሆነውን ሰው በዓዛሪ ይመስሉታል። ምሳሌው ዛሬም ይነገራል፣ ምንጩ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደርቋል። ከባሕሩ ወለል ይፈልቅ የነበረው ጣፋጭ ውሃም፣ ዕንቁ ጠላቂዎች በቆዳ ከረጢት እየቀዱ ይጠጡት የነበረው፣ ቀርቷል። የባሕሬንና የምሥራቅ ሳዑዲ ውሃ ከአንድ የከርሰ ምድር ዐለት ስለሚመጣ በማዶ ባለው አል አሕሳም የሆነው ያው ነው። አል አሕሳ 2.5 ሚሊዮን የቴምር ዛፍ ያለው ሲሆን በ2018 የዓለም ቅርስ ተብሏል፤ በራሳቸው ይፈልቁ የነበሩት ምንጮቹ ዛሬ በሞተር ነው የሚወጡት።

በመካ የዓይን ዙበይዳ ታሪክ ለየት ይላል። የከሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ሚስት ዙበይዳ የሐጅ ተጓዦችን ጥማት አይታ በራሷ ገንዘብ ከተራሮቹ እስከ ከተማው ያስገነባችው ቦይ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መካን አጠጥቷል፤ የድንጋይ ግንቡ በዓረፋ ሜዳ ዛሬም ይታያል።

ዓይን፣ የሚያየው

ቃሉ ምንጭነቱን ትቶ ዓይን ብቻ የሆነባቸው አዳዲስ ስሞች አሉ። ዓይን ዱባይ በ2021 የተከፈተ 250 ሜትር ከፍታ ያለው መዝናኛ ጎማ ነው፤ በዓለም ረጅሙ ሲሆን ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ ቆሞ እንደገና የዞረው በ2024 መጨረሻ ነው። የአማርኛ ገጽ ያለው የአቡ ዳቢው የዜና ድርጅት አል ዐይንም ስሙን በዚሁ ትርጉም ይጠቀምበታል።

ከዐረብ አገሮች ውጭ ስሙ በደህና የተረፈው በማልታ ነው። የማልታ ቋንቋ ከሲሲሊ ዐረብኛ የወጣ ነው፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ቃሉ ከዓይንም ከምንጭም አልተለየም። በደሴቷ ምዕራብ ያለው የዓይን ቱፊሐ የባሕር ዳርቻ «የፖም ምንጭ» ማለት ሲሆን፣ ለመዋኘት የሚሄዱት ቱሪስቶች «ጎልደን ቤይ» ከሚባለው ጎረቤቱ ጋር ያምታቱታል።